ከመቶ ሁለት፦ የፓኪስታን ተፈታኞች፣ የቃላት ሽምደዳ እና ኡርዱ ውስጥ ያለው መሰላል

በ2016 በፓኪስታን 9,643 ወጣቶች ለአንድ ፈተና ተቀመጡ። ዓመቱ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ቀጥሎ የምጠቅሳቸውም እንደዚያው። የጽሑፉን ፈተና ያለፉት 202 ብቻ ነበሩ። ከመቶ ሁለት ሰው ማለት ነው። በ2022 ደግሞ 20,262 ሰዎች ተቀምጠው 393 አለፉ። ተፈታኙ ከእጥፍ በላይ ሲጨምር የአላፊው ድርሻ ጭራሽ ከሁለት በመቶ በታች ወረደ።

ፈተናው «ሲኤስኤስ» ይባላል። በፓኪስታን ዲፕሎማት፣ የፖሊስ መኮንን፣ የጉምሩክ ወይም የገቢ ግብር ኃላፊ መሆን የሚፈልግ ወጣት የሚገባው በዚህ በር ነው። የሚያዘጋጀው የፌዴራል ፐብሊክ ሰርቪስ ኮሚሽን ነው። ለመፈተን ዲግሪ ያስፈልጋል። ዕድሜ ከ21 እስከ 30 መሆን አለበት። ዕድሉ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ የወደቁት ያልተማሩ ሰዎች አይደሉም። ሁሉም ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ፣ እንግሊዝኛንም ከአሥር ዓመት በላይ የተማሩ ናቸው።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት በአንድ ጥያቄ ምክንያት ነው። የፓኪስታን ብሔራዊ ቋንቋ የሆነውን ኡርዱን የሚናገር ተማሪ የእንግሊዝኛ ቃላት እውቀቱን ከመካከለኛ ደረጃ ወደ ከፍተኛ እንዴት ያሳድጋል? ሲኤስኤስ ይህን ጥያቄ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ለውድቀቱ ሁሉ ተጠያቂው እንግሊዝኛ ነው እያልኩ አይደለም። ሌሎቹም ወረቀቶች ከባድ ናቸው። ግን ስለዚህ ፈተና ከአንድ ፓኪስታናዊ ጋር ብታወሩ መጀመሪያ የሚያነሳላችሁ ሁለቱን የእንግሊዝኛ ወረቀቶች ነው።

እስቲ ፈተናውን ከፍተን እንየው። የጽሑፉ ፈተና 12 ወረቀት፣ 1,200 ነጥብ ነው። ስድስቱ የግዴታ ናቸው። ከስድስቱ ሁለቱ እንግሊዝኛ ናቸው፤ አንዱ ረጅም ድርሰት፣ ሌላው ጽሑፍ ማሳጠርና የቋንቋ አጠቃቀም። በግዴታ ወረቀት ከ100 ቢያንስ 40 ማምጣት የግድ ነው። በአንዱ 39 ያመጣ ሰው በሌላው ሁሉ ቢያንበሸብሽ እንኳ ወድቋል።

የሁለተኛው ወረቀት ነጥብ የተከፋፈለው እንዲህ ነው። አንድ ረጅም ጽሑፍ አሳጥሮ ለመጻፍ 20። ለአንብቦ መረዳት 20። ለሰዋስውና ለቃላት 20፤ የተመሳሳይና የተቃራኒ ፍች ጥያቄዎች የሚመጡት እዚህ ነው። የተበላሸ ዓረፍተ ነገር ለማረም 10። የተበታተኑ ቃላትን በትርጉም ለማቧደን 10። የሚመሳሰሉ ቃላትን ጥንድ ጥንዱን በዓረፍተ ነገር ለመለየት 10። ከኡርዱ ወደ እንግሊዝኛ ለመተርጎም 10።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። «የዚህ ቃል ፍች ምንድን ነው?» ተብሎ በቀጥታ የሚጠየቀው ከመቶው ከ20 አይበልጥም። የቀረው በአብዛኛው ቃሉን ስትጠቀምበት ነው የሚያየው። ከየትኛው ግስ ጋር ይሄዳል? ከየትኛው ቃል ጋር ያምታታል? በአንድ ሦስተኛ ቦታ ሐሳብ መጨመቅ ሲኖርብህ የትኛው ቃል የሦስት ቃላትን ሥራ ብቻውን ይሠራል? ድርሰቱማ ከነጭራሹ የአጠቃቀም ፈተና ነው።

ዝግጅቱ ግን በተቃራኒው ነው የሚሄደው። በላሆርና በኢስላማባድ ለዚህ ፈተና የሚያዘጋጁ አስጠኚ ቤቶች ሞልተዋል። «አካዳሚ» ይሏቸዋል። እዚያም፣ በየመጻሕፍት መደብሩም የቃላት ዝርዝር ይሸጣል። በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ የኡርዱ ፍቹ። ብዙውን ጊዜ ዝርዝሩ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ከሚዘጋጁ ፈተናዎች የተቀዳ ነው። ተማሪው በቀን ሃያ፣ ሠላሳ ቃል ይሸመድዳል። ለዚህ ሽምደዳ ኡርዱ የራሱ ስም አለው፤ «ረታ» ይባላል። በእኛ ረታ ማለት አሸነፈ ነው። በእነሱ ደግሞ ሳይገባህ ደጋግመህ በቃል መያዝ ነው። የፓኪስታን ተማሪ ሁሉ ቃሉን ያውቀዋል። መምህራን ያወግዙታል፤ ተማሪው ግን ፈተና ሲቃረብ ወደዚያው ይመለሳል። እኛም አገር ሽምደዳ የሚለውን ቃል ማብራራት እንደማያስፈልግ ሁሉ።

ሌላም ልማድ አለ፤ እሱ የተሻለ ነው። ተፈታኞች በየቀኑ «ዶውን» የተባለውን የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ያነባሉ። ጋዜጣው በ1941 በፓኪስታን መሥራች በሙሐመድ ዓሊ ጂናህ የተመሠረተ ነው። ርእሰ አንቀጹን አንብቦ ከባድ ቃላት ማስመር የሲኤስኤስ ተማሪ የጠዋት ሥራ ሆኗል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ቃሉ ከነቤቱ፣ ከነጎረቤቱ ይገኛል። የሚያሳዝነው ከተሰመረበት በኋላ የሚሆነው ነው። ቃሉ ከዓረፍተ ነገሩ ተነቅሎ ደብተር ላይ ይሰፍራል፣ ፍቹ ጎኑ ይጻፋል፣ ጎረቤቶቹ ጋዜጣው ላይ ይቀራሉ። እንዲህ ሲሆን ርእሰ አንቀጹ ራሱ ሌላ የቃላት ዝርዝር ሆነ ማለት ነው።

ለምን ጉዳት እንዳለው በአንድ ቃል ላሳይ። «አሚሊዮሬት» የሚለው ግስ በየዝርዝሩ አለ። ፍቹ «ማሻሻል» ተብሎ ይጻፋል። እንበልና ተፈታኙ ድርሰቱ ላይ «መንግሥት ሕዝቡን አሚሊዮሬት ማድረግ አለበት» ብሎ ጻፈ። ፍቹን አልሳተም። ዓረፍተ ነገሩ ግን አይሆንም። ይህ ግስ የሚሄደው መጥፎ ከሆነ ሁኔታ ጋር ነው፤ ከድህነት፣ ከስቃይ፣ ከችግር ጋር። ሰውን አሚሊዮሬት አያደርጉትም። ዝርዝሩ ይህን አይናገርም፤ ምክንያቱም ዝርዝር ላይ ቃል ብቻውን ነው የሚቆመው። አራሚው ግን እንደዚህ ያለውን ሲያይ ወዲያው ያውቃል፤ ይህ ቃል የተሸመደደ እንጂ የተለመደ አይደለም።

ወደ ቋንቋው ራሱ ልግባ። ነገሩ የሚጣፍጠው እዚህ ነው።

ኡርዱ «ከርና» የሚል ግስ አለው፤ ማድረግ ማለት ነው። ከስም ጎን ይቆምና ግስ ይሠራል። ውሳኔ ከርና፣ ስሕተት ከርና፣ ወንጀል ከርና፣ ጥናት ከርና። አንድ ግስ አራቱንም ይሸከማል። እንግሊዝኛ ግን ለየስሙ የራሱን ግስ ይመርጣል። ውሳኔና ስሕተት «ሜክ» ይላሉ። ወንጀል «ኮሚት» ይላል። ጥናት «ኮንዳክት» ይላል። እኛም ወንጀል መፈጸም፣ ጥናት ማካሄድ እንላለን፤ ስለዚህ ችግሩ በቀላሉ ይገባናል። ኡርዱ ተናጋሪው ስሙን በሚገባ ያውቃል። የሚያጠልፈው አጠገቡ የሚቆመው ትንሽ ግስ ነው።

በጣም የምወደው ምሳሌ ግን ፈተና ራሱ ነው። በኡርዱ ተማሪው ፈተና «ይሰጣል»፣ መምህሩ ደግሞ «ይወስዳል»። በእንግሊዝኛ በተቃራኒው ነው፤ ተማሪው ይወስዳል፣ መምህሩ ይሰጣል። አማርኛ እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛ ጋር ነው። ስለዚህ አንድ ፓኪስታናዊ በእንግሊዝኛ «ባለፈው ዓመት ሲኤስኤስ ሰጠሁ» ቢላችሁ ፈታኝ ነበር ማለት አይደለም። ተፈትኗል። መብራትም በኡርዱ «ይዘጋል»፤ ቴሌቪዥንም «ይከፈታል»። መሐላ ይበላል። ጉቦም ይበላል። ጉቦ ላይ ከእኛ ጋር አንድ ናቸው፤ እንግሊዝኛ ግን ጉቦን «ይወስዳል» እንጂ አይበላም። የእነዚህን ቃላት ሁሉ ፍች ተማሪው ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ያውቃል። የጎደለው ሌላ ከባድ ቃል አይደለም፤ የሚያውቃቸውን ቃላት ማጋባት ነው።

ሌላው ወጥመድ ኡርዱ ውስጥ ገብተው የቀሩ የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው። እኛ «ፌስታል» የምንለውን ፓኪስታን ውስጥ «ሾፐር» ይሉታል። በእንግሊዝኛ ሾፐር ገበያ የወጣው ሰው ነው እንጂ ዕቃ መያዣው አይደለም። «ቴንሽን አትውሰድ» ማለት አትጨነቅ ማለት ነው። ቃሉ ቤተኛ ስለሆነ ማንም መዝገበ ቃላት ገልጦ አያየውም። ከማናውቀው ቃል ይልቅ የምናውቀው የሚመስለን ቃል ነው ጉድ የሚሠራን።

የጥንድ ቃላቱ ክፍልም ከኡርዱ ድምፅና ፊደል ጋር የተያያዘ ጣጣ አለው። ኡርዱ ለቨ እና ለወ የተለያየ ፊደል የለውም፤ «ዋው» የሚባለው አንድ ፊደል ሁለቱንም ይወክላል። ስለዚህ «ቫይን» እና «ዋይን»፣ ማለትም የወይን ሐረጉና መጠጡ፣ በጆሮም በእጅም ይደባለቃሉ። በዚህ ላይ አጭር አናባቢ በኡርዱ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ አይጻፍም። እንግሊዝኛ ቃል አነባበቡን በኡርዱ ፊደል ጎኑ ላይ ጽፎ የሚያጠና ተማሪ «ኤሚነንት»ን እና «ኢሚነንት»ን የሚለየውን ቀጭን ነገር ሊያጣው ይችላል። አንደኛው ስመ ጥር ማለት ነው። ሁለተኛው ሊደርስ አፋፍ ላይ ያለ ማለት ነው፤ ከአደጋ ጋር ይሄዳል። «ስመ ጥር አደጋ» ብሎ የጻፈ ተፈታኝ ቢኖር አይግረማችሁ።

እስካሁን ያወራሁት ኡርዱ ስለሚያመጣው ችግር ነው። አሁን ኡርዱ ስለሚሰጠው ሀብት ላውራ። በእኔ እምነት የዚህ ጉዳይ ቁልፍ ይህ ነው፤ አካዳሚዎቹም ሲያልፉት ያሳዝነኛል።

እንግሊዝኛ ሁለት ፎቅ አለው ብላችሁ አስቡት። ታችኛው የቤትና የመንገድ ቃል ነው። ላይኛው የዩኒቨርሲቲ፣ የሕግና የጋዜጣ ቃል ነው፤ አብዛኛው ከላቲንና ከግሪክ የመጣ። ኡርዱም ልክ እንደዚያው ሁለት ፎቅ አለው። የላይኛው ፎቅ የተሠራው ከዐረብኛና ከፋርስ ነው። ፋርስኛ በዚያ ክፍለ አህጉር ለዘመናት የመንግሥትና የሥነ ጽሑፍ ቋንቋ ነበር፤ እንግሊዞች ከመንግሥት ሥራ ያወጡት በ1830ዎቹ ነው። ዛሬ ሕንድ ውስጥ ባለችው ሃይደራባድ በኡርዱ ያስተምር የነበረው ኦስማኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት ደግሞ የትርጉም ቢሮ ተቋቋመለት። ለሳይንስና ለፍልስፍና ቃላት ከዐረብኛና ከፋርስ እየተቀመሩ ወደ ኡርዱ ገቡ። ስለዚህ የተማረ ኡርዱ ተናጋሪ የላይኛው ፎቅ እንግዳ አይደለም። ኖሮበታል። የሚያስፈልገው ከፎቅ ወደ ፎቅ የሚያሻግር መሰላል ነው።

መሰላሉን ለአማርኛ አንባቢ ማሳየት ቀላል ነው፤ ግማሹ የእኛም ነው። በኡርዱ ሳይኮሎጂ «ነፍሲያት» ይባላል። ባዮሎጂ «ሐያቲያት» ነው። የቋንቋ ጥናት «ሊሳኒያት» ነው። አስትሮኖሚ «ፈለኪያት» ነው። ነፍስ፣ ሕይወት፣ ልሳን፣ ፈለክ! አራቱንም ቃላት እናውቃቸዋለን፤ የዐረብኛና የግእዝ ዝምድና ነው። መጨረሻቸው ላይ ያለው «ያት» ደግሞ የእኛን «ሥነ» ሥራ ይሠራል። እኛ ሥነ ፈለክ ስንል እነሱ ፈለኪያት ይላሉ፤ ግሪኩ ደግሞ «ሎጂ» ወይም «ኖሚ» ይላል። ሳይኮሎጂን የሚፈታ ተማሪ «ሳይኬ» ነፍስ መሆኑን አንዴ ካየ ነፍሲያት ብሎ ያውቀዋል። አዲስ ቃል እየሸመደደ አይደለም። የሚያውቀውን ቤት በሌላ በር እየገባ ነው።

ሌላ ልጨምር። ኡርዱ «ሃም» የሚል የፋርስ ቅጥያ አለው፤ አብሮ፣ አንድ ዓይነት ማለት ነው። «ደርድ» ሕመም ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ «ሃምደርዲ»፣ ርኅራኄ። አሁን እንግሊዝኛውን «ሲምፓቲ» ቁረጡት። «ሲም» አብሮ፣ «ፓቶስ» ሕመም፣ ስሜት። አጥንቱ አንድ ነው! «ዐስር» ዘመን ነው፤ «ሃምዐስር» የአንድ ዘመን ሰው። «ኮንቴምፖራሪ»ም እንዲሁ ነው፤ «ኮን» አብሮ፣ «ቴምፖር» ጊዜ። «ዱር» ሩቅ፣ «ቢን» የሚያይ፤ «ዱርቢን» ቴሌስኮፕ ነው። ቴሌ ሩቅ፣ ስኮፕ ማየት። «ኹርድ» ትንሽ ነው፤ «ኹርድቢን» ማይክሮስኮፕ። «ሙምኪን» የሚቻል፣ «ናሙምኪን» የማይቻል፤ «ፖሲብል»፣ «ኢምፖሲብል»። «ገር» ቤት ነው፤ «ቤገር» ቤት የለሽ፣ «ሆምለስ»። እዚህ ላይ ቅጥያው ከፊት ወደ ኋላ ዞሯል እንጂ ሥራው ያው ነው።

እነዚህን ቃላት ተማሪው በሬዲዮ፣ በግጥም፣ በአያቱ አፍ ሲሰማቸው ነው ያደገው። አንድም ቀን ግን «ቁረጣቸው» ያለው የለም። «ሲም»፣ «ኮን»፣ «ቴሌ»፣ «ማይክሮ» የሚሉትን ጥቂት ቁርጥራጮች ከኡርዱ አቻቸው ጋር ያጋጠመ ሰው ርእሰ አንቀጽ ላይ የሚገጥመውን እንግዳ ቃል መገመት ይጀምራል። ግምቱ ሁልጊዜ ልክ አይሆንም። ግን ከሜዳ ተነስቶ አይገምትም።

ታዲያ ስንት ቃል ይበቃል? ይህ ጥያቄ ከዚያው አካባቢ ጋር የቆየ ታሪክ አለው። ማይክል ዌስት የሚባል እንግሊዛዊ የትምህርት ሰው በቅኝ ግዛት ዘመን በዳካ፣ በቤንጋል ይሠራ ነበር። የቤንጋል ልጆች በማያውቁት ቃል በታጨቀ መጽሐፍ እንግሊዝኛ ለማንበብ ሲሰቃዩ አየ። ቃላቱን መጥኖ፣ አዲሱን ቀስ እያለ የሚያስገባ የንባብ መጽሐፍ አዘጋጀላቸው። በ1953 ደግሞ እጅግ ጠቃሚ የሆኑ ወደ 2,000 የሚጠጉ የእንግሊዝኛ ቃላት ዝርዝር አወጣ። ዓለም ላይ የተሠራጨው ያ ዝርዝር መነሻው ደቡብ እስያ ክፍል ውስጥ ያየው ችግር መሆኑ ሁሌ ያስደንቀኛል። በ2000 አቬሪል ኮክስሄድ የምትባል የኒውዚላንድ ተመራማሪ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ደረጃ ለይታ አወጣች፤ 570 የቃላት ቤተሰብ ናቸው፤ ቤተሰብ ማለት አንድ ቃል ከእሱ ከሚወለዱት ጋር ነው። ከዩኒቨርሲቲ ጽሑፎች ወደ አሥር በመቶ የሚሆነውን የሚሸፍኑት እነዚህ ናቸው። በ2006 ፖል ኔሽን እንዳሰላው ደግሞ ጋዜጣና ልቦለድ ያለ ረዳት ለማንበብ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃላት ቤተሰብ ያስፈልጋል። ይህም ከመቶው ቃል 98ቱን ማወቅ ማለት ነው።

የኮክስሄድን 570 ስትመለከቱ ለሲኤስኤስ ተማሪ ምን ያህል ቅርብ እንደሆኑ ታያላችሁ። «አናላይዝ» አንዱ ነው። ከእሱ አናሊሲስ፣ አናሊስት፣ አናሊቲካል ይወለዳሉ። ኡርዱም ቤተሰቡ ሙሉ ነው፤ «ተጅዚያ» ትንተና፣ «ተጅዚያካር» ተንታኝ፣ «ተጅዚያቲ» ትንተናዊ። ተጅዚያካሮች በፓኪስታን ቴሌቪዥን ማታ ማታ አይጠፉም። ተማሪው አባቱ ጎን ቁጭ ብሎ ሲያያቸው ነው ያደገው። የአሜሪካ መግቢያ ፈተና ዝርዝር ግን እንደነዚህ ያሉትን ዘሎ፣ በዓመት አንዴ የሚያጋጥሙ ብርቅዬ ቃላትን ያሸክመዋል። መጀመሪያ 570ውን ከነቤተሰባቸውና ከነጎረቤቶቻቸው በእጅ ማስገባት ነው። ብርቅዬው ቀስ ብሎ ይመጣል።

አንድ ቃል ይዤ ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ላሳይ። «ኦቶኖሚ» እንውሰድ። ተፈታኙ ጋዜጣ ላይ ያገኘዋል፤ ምናልባት ስለ ክፍለ ሀገራት ሥልጣን በተጻፈ ርእሰ አንቀጽ። በ2010 የጸደቀው 18ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለክፍለ ሀገራት ብዙ ሥልጣን ስለሰጠ ጉዳዩ በየጊዜው ይነሳል። ቃሉን ይቆርጠዋል፤ «ኦቶ» ራስ፣ «ኖሞስ» ሕግ። ኡርዱውን ጎኑ ያስቀምጣል፤ «ኹድሙኽታሪ»። «ኹድ» ራስ፣ «ሙኽታር» ሥልጣን ያለው። ተያዘ። እስከዚህ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ቀጥሎ ግሶቹን ይፈልጋል፤ ዋናው ሥራ ይህ ነው። በኡርዱ ኹድሙኽታሪ «ይሰጣል»። በእንግሊዝኛ የሚሰጠው ግን «ጊቭ» ብቻ አይልም፤ በመንግሥት ቋንቋ «ግራንት» ነው የሚባለው። ያለው ወገን «ኢንጆይ» ያደርገዋል፤ እዚህ መደሰት ሳይሆን መያዝ፣ መጠቀም ማለት ነው። የሚቀንሰው ወገን «ከርቴይል» ያደርገዋል። እነዚህን ሦስት ግሶች ጋዜጣው ላይ አግኝቶ ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ይገለብጣል። ከዚያ ደብተሩን ዘግቶ ስለ ባሎቺስታን ወይም ስለ ሲንድ ክፍለ ሀገር የራሱን ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። በነጋታው ሳያይ ይሞክረዋል። ከሳምንት በኋላ እንደገና። ቁም ነገሩ የሚረሳውን እየፈለገ ማስታወስ እንጂ ያስታወሰውን እየደገመ ማንበብ አይደለም።

ትርፉ ምን እንደሆነ ተመልከቱ። አንድ ቃል አጥንቶ አራት ይዟል። ለድርሰቱ ሆነው። ለፓኪስታን ጉዳዮች ወረቀትም ሆነው። ጽሑፍ ሲያሳጥርም «ክፍለ ሀገራት ጉዳያቸውን በራሳቸው የመወሰን መብት» የሚለውን ረጅም ሐረግ በሁለት ቃል ይጨምቀዋል። በቀን ሠላሳ ሳይሆን አምስት ቃል እንዲህ ቢሠራ እመርጣለሁ።

የትርጉሙም 10 ነጥብ በዚህ መንገድ ይሻሻላል። ኡርዱ ምሳሌያዊ አነጋገር ይወዳል። «ወፎች እርሻውን ለቅመው ከጨረሱ በኋላ መጸጸት ምን ያደርጋል» የሚል አላቸው። ለእኛ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው። ወደ እንግሊዝኛ ወፉንና እርሻውን እንዳለ የሚያሻግር ተማሪ አለ። የለመደው ግን መጀመሪያ ይጠይቃል፤ ይህ ሐሳብ እዚያ ቋንቋ ውስጥ ማን ከማን ጋር ሆኖ ነው የሚነገረው? ቃላትን በጎረቤታቸው ያጠና ሰው ይህን ጥያቄ ሳያስበው ይጠይቃል።

መሰላሉ የማይደርስበት ቦታም አለ። ከላይ ያነሳሁት «አሚሊዮሬት» ከኡርዱ ጋር እንዲህ አይገጥምም፤ እንደ እሱ ያሉ ብዙ ናቸው። አንዳንዱ ደግሞ ገጥሞም ያሳስታል። «ነፍሲያቲ» በመጽሐፍ ሥነ ልቦናዊ ማለት ነው፤ በመንገድ ላይ ግን «ያበደ» እያሉ ሰው የሚሰድቡበት ቃል ነው። ከሁሉ የሚከብደኝ ደግሞ ይህ ነው። በ2017ቱ ቆጠራ ኡርዱ አፍ መፍቻው የሆነው ፓኪስታናዊ ሰባት በመቶ ገደማ ነው። የቀረው ቤቱ ፑንጃቢ፣ ፓሽቶ፣ ሲንዲ ወይም ሌላ ይናገራል። ለእሱ ኡርዱ ራሱ ትምህርት ቤት የተማረው ሁለተኛ ቋንቋ ነው፤ እንግሊዝኛ ሦስተኛ ይሆናል። በቤት ሌላ ቋንቋ፣ በከተማ አማርኛ፣ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛ ለገጠመው የእኛ አገር ተማሪ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በሌላ በኩል ሀብታም ቤተሰብ ልጁን ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ እንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ያስገባል። እሱ እንግሊዝኛው ይፈስለታል፤ የተማረው ኡርዱ ግን ከእጁ ወጥቷል። መሰላሉን የሚያገኘው በመንግሥት ትምህርት ቤት በኡርዱ የተማረው ልጅ ነው። ሁልጊዜ «እንግሊዝኛህ ደካማ ነው» የሚባለው ልጅ። ይህን ሀብት ማንም ስላልነገረው እንደ ጉድለት ይቆጥረዋል፤ እኔን የሚቆጨኝም ይሄ ነው።

ፈተናው ለምን በእንግሊዝኛ ይሆናል የሚለውም ጥያቄ ተገቢ ነው። የ1973ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 251 ኡርዱን ብሔራዊ ቋንቋ አድርጎ፣ በ15 ዓመት ውስጥ ለመንግሥት ሥራ እንዲውል ዝግጅት እንዲደረግ አዟል። ጊዜው በ1988 አለፈ። በመስከረም 2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህ ሳይዘገይ እንዲፈጸም ወሰነ። በቀጣዩ ዓመት እነዚያ 9,643 ተፈታኞች የተቀመጡት ያው በእንግሊዝኛ ነበር። ክርክሩ ይቀጥላል። ሦስት ዕድል ብቻ ያለው የ28 ዓመት ወጣት ግን ክርክሩ እስኪያልቅ መጠበቅ አይችልም።

የጽሑፉን ፈተና ላለፉትም ሌላ በር አለ። የቃል ፈተናው 300 ነጥብ ነው። እዚያ ደብተር የለም፣ ማጥፊያም የለም። ከጠረጴዛው ማዶ ያሉት ፈታኞች ስለ ክፍለ ሀገራት ሥልጣን ሊጠይቁት ይችላሉ። ወጣቱ አእምሮ ውስጥ መጀመሪያ የሚመጣው «ኹድሙኽታሪ» ነው። ይምጣ። «ኦቶኖሚ» ተከትሎት ይመጣል። ከዚያ በግማሽ ሴኮንድ ውስጥ «ግራንት» የሚለው ግስ ሳይጠራ መምጣት አለበት። እሱ የሚመጣው ደግሞ ወጣቱ ከወራት በፊት ስለ ባሎቺስታን በራሱ እጅ ከጻፋቸው ከእነዚያ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ነው።